የዓድዋ ዘመቻ ጥይት በራጅ ሲታይ

በ1888 ዓ.ም. ግንቦት ገደማ፣ ከዓድዋ ጦርነት ሦስት ወር ያህል ቆይቶ፣ ናፖሊ በሚገኘው የጣልያን ጦር ሆስፒታል ሁለት ወታደሮች ክንዳቸውን ጥቁር ወረቀት በለበሰ የመስታወት ፎቶ ሰሌዳ ላይ አጋደሙ። ሁለቱም ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ ናቸው፤ የመታቸው ጥይት ከክንዳቸው አልወጣም። ሐኪሙ ሌተና ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ ሥጋውን ከፍቶ በጣቱና በብረት ዘንግ እየዳበሰ መፈለግ ይችል ነበር፤ እስከዚያ ዘመን ድረስ የጦር ሐኪም ሁሉ የሚያደርገው ያንኑ ነው። እሱ ግን ከተገኘ ገና ስድስት ወር የሆነውን አዲስ ጨረር ተጠቀመ፤ ጥይቶቹንም ሳይቆርጥ አያቸው። ሥራውንም በዚያው ዓመት በጣልያን ጦር የሕክምና መጽሔት ላይ አሳተመ። የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ራጅ ለጦር ቁስለኛ የዋለበት የመጀመሪያው አጋጣሚ ብለው የሚመዘግቡት ይህንን ነው።

በዚያ ዘመቻ የኢትዮጵያ ወታደር የያዘው ጠመንጃ ብዙ ዓይነት ነበር፤ ውጅግራው፣ ሬሚንግተኑ፣ ሰናድሩ። አብዛኛው የሚተኩሰው ወፍራም የእርሳስ ጥይት ነው። እርሳስ ደግሞ ጨረሩን ክፉኛ ይውጣል። አጥንትን አጥንት የሚያደርገው የካልሲየም አቶማዊ ቁጥር 20 ሲሆን የእርሳስ 82 ነው፤ ስለዚህ አጥንቱ ፈዘዝ ብሎ በሚወጣበት ምስል ላይ እርሳሱ ጥርት ብሎ ለብቻው ይታያል። ክንድ ቀጭን ነው፣ ጨረሩ በቀላሉ ያልፈዋል። ለዚያ ዘመን ደካማ መሣሪያ ከዚህ የተመቸ ሥራ አይገኝም ነበር።

እኔ የራጅ ባለሙያ ነኝ። ጉልምስናዬን በሙሉ ያሳለፍኩት በመንግሥት ሆስፒታል ራጅ ክፍል ውስጥ ነው። ሙያውን ስንማር የራጅ ታሪክ ከጀርመን ተነስቶ፣ በፓሪስ አድርጎ ለንደንና ኒውዮርክ ይደርስና፣ ወደ እኛ የሚመጣው በስተመጨረሻ በእርዳታ ከተላከ ማሽን ጋር ሆኖ ነበር። ዛሬም ተለማማጆች የሚማሩት እንዲያ ነው። ይህ አቀራረብ ልክ አይደለም ብዬ አምናለሁ። የዚህ ምድር ሰዎችና የዚህ ምድር ጦርነት ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምሮ በታሪኩ ውስጥ አሉ። ቀኖቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብቻ ይበቃል።

ዊልሄልም ሮንትገን በቩርስቡርግ ከተማ፣ በጨለመ የቤተ ሙከራ ክፍል ውስጥ፣ በጥቁር ካርቶን ከሸፈነው የመስታወት ቱቦ ራቅ ብሎ የተቀመጠ በባሪየም ጨው የተቀባ ሰሌዳ ሲያበራ ያየው ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ የዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት የክተት አዋጁን ተከትሎ ወደ ሰሜን ጉዞ ላይ ነበር። ሮንትገን ያየውን ለማንም ሳይናገር ሳምንታት እዚያው ቤተ ሙከራው ውስጥ እየበላና እየተኛ ሙከራውን ደጋገመ። በመካከሉ ኅዳር 28 አምባላጌ ላይ ውጊያ ሆነ። ታኅሣሥ 13 ሮንትገን ባለቤቱን አና ቤርታን ጠርቶ እጇን ሰሌዳው ላይ አስቀመጠ፤ ለ15 ደቂቃ ያህል እንዳትንቀሳቀስ አደረጋት። አጥንቶቿና የጣቷ ቀለበት ታዩ። ታኅሣሥ 27 ወሬው የቪየና ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ በዚያው ሰሞን መቀሌ ላይ የጣልያን ምሽግ ተከቦ እቴጌ ጣይቱ የውኃ ምንጩን ለማስያዝ ይመክሩ ነበር።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን የካቲት 23 ነው። አንሪ ቤክሬል የተባለው ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሊቅ የሮንትገንን ዜና ሰምቶ፣ የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍባቸው የሚያበሩ ማዕድናትም እንዲህ ያለ ጨረር ይሰጡ እንደሆነ ሊፈትሽ ተነሳ። የመረጠው የዩራኒየም ጨው ነበር። ጨውን በጥቁር ወረቀት በተጠቀለለ የፎቶ ሰሌዳ ላይ አድርጎ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። የካቲት 19 እና 20 ፓሪስ ላይ ፀሐይ አልወጣችም። ሰሌዳዎቹን ከነጨዉ መሳቢያ ውስጥ ከተታቸው፤ በአንደኛው ሰሌዳና በጨዉ መካከል ከስስ መዳብ የተቆረጠ መስቀል አኑሮ ነበር። እሑድ የካቲት 23 ቀን፣ ሰሌዳዎቹ ባዶ ወይም እጅግ ፈዛዛ ሆነው እንደሚወጡ እየጠበቀ አጠባቸው። ምስሉ ደምቆ ወጣ። የመስቀሉ ጥላ በግልጽ ይታያል። ፀሐይ ሳያገኘው ዩራኒየሙ ከራሱ ጨረር አውጥቷል ማለት ነው። የጨረራ አመንጪ ንጥረ ነገሮች ሳይንስ ከዚያ ይጀምራል።

ያ እሑድ የዓድዋ እሑድ ነው። በአንድ ቀን፣ በአንዱ ስፍራ ከንጋት ጀምሮ የጊዮርጊስ ታቦት ወጥቶ ጦርነት ሲካሄድ፣ በሌላው ስፍራ አንድ ሰው ጨለማ ክፍል ገብቶ ፎቶ ያጥባል። አንዱ ከሌላው ጋር የምክንያትና የውጤት ዝምድና የለውም፤ እንዲኖረውም አልፈልግም። ለተማሪዎቼ ግን ቀኑን እነግራቸዋለሁ፤ ያለ ጭንቅ የሚያስታውሱት የሳይንስ ቀን ይሄ ብቻ ስለሆነ።

ስለ መስቀሉ ጥላ አንድ ነገር ልጨምር። ደረት ራጅ ስናነሳ ከአንገት ላይ ብረት ነክ ነገር እንዲወልቅ እንጠይቃለን፤ ሳንባው ላይ ጥላ ጥሎ ሐኪሙን ያሳስታልና። ከገጠር የመጡ እናቶች ሐብሉን፣ ጨሌውን፣ ክታቡን ሳይቀር ያወልቃሉ፤ ማተቡን ግን አይነኩትም። ጀማሪ ባለሙያ እዚህ ላይ ይጨቃጨቃል። የቆየ ባለሙያ ግን ክሩን ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ይስብና መስቀሉን በጥርሳቸው እንዲይዙት ያደርጋል። ክሩ አልተበጠሰም፣ ሳንባውም ተጋልጧል። «እማማ፣ ትንፋሽ ይሳቡ፤ ያዙ» ስንል በአፍንጫቸው ይስባሉ። አንዳንድ ጊዜ ሳይነገረን የቀረ መስቀል በልብሱ ውስጥ ሆኖ ፊልሙ ላይ ይወጣል፤ ነጭ ሆኖ፣ ከደረት አጥንቱ በላይ፣ ከነቅርጹ።

ወደ ናፖሊ ልመለስ። የዚያን ዘመን ራጅ እንዴት ይሠራ እንደነበር ያየ ሰው አሁን በሕይወት የለም፤ የመሣሪያው አሠራር ግን ይታወቃል። አየሩ የተመጠጠ የመስታወት ቱቦ አለ፤ የባትሪን ኃይል ወደ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚለውጥ ጥቅል ሽቦ አለ፤ ፍንጣሪው ይንጣጣል። ቱቦው ሲሞቅ በውስጡ የቀረው አየር መጠን ስለሚለዋወጥ ጨረሩ ሲጠነክር ሲደክም ይውላል። ዛሬ ክንድ ለማንሳት ከሰከንድ ሽራፊ በላይ አያስፈልግም። ያኔ ቁስለኛው ለደቂቃዎች ያህል ሳይነቃነቅ መቆየት ነበረበት። የቆሰለ ክንድ ለደቂቃዎች ያህል ጠንካራ መስታወት ላይ አጋድሞ መቆየት ምን ያህል እንደሚያም፣ የተሰበረ ሰው አንስቼ ስለማውቅ አላጣውም። የእነዚያ ሁለት ወታደሮች ስም በታሪክ አይጠቀስም፤ የሐኪሙ ስም ብቻ ነው የሚጠቀሰው። የሙያችን ታሪክ ከዚያ ጀምሮ ሲጻፍ የኖረው በዚሁ መልክ ነው።

በእኛ በኩል የቆሰሉት በሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን በዚያው ዓመት መጥቶ ቁስለኞችን አክሟል፤ እጅግ የሚበዛው ቁስለኛ ግን የተረፈው በወጌሻ እጅ ነው። ወጌሻ በጣቱ ያያል። ስብራቱን ዳብሶ ያገኛል፣ ይገጥማል፣ በቀርከሃ ያስራል፤ ላይ ላዩን ያለ ጥይትም ያወጣል። ጠልቆ የገባው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ያ ዘመቻ በሁለት በኩል ጥይት በሰው ገላ ውስጥ ትቶ አለፈ፤ የአንደኛው ወገን በናፖሊ ሰሌዳ ላይ ታየ፣ የሌላው ከባለቤቱ ጋር መቃብር ወረደ። ስለ ዓድዋ ሲጻፍ ስለ ሙታኑ በሰፊው ይጻፋል፤ ከነጥይታቸው ወደ እርሻቸው ስለተመለሱት ግን ጥቂት ነው የተጻፈው። ይህ ያሳዝነኛል።

እንዲህ ያለውን ሰው ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ፊልም በእጅ እናጥብ በነበረበት ዘመን፣ አንድ ሽማግሌ ሳል ጸንቶባቸው ለደረት ራጅ መጡ። አንስቻቸው ካሴቱን ይዤ ጨለማ ክፍል ገባሁ፤ በቀዩ መብራት ፊልሙን ከማንጠልጠያው ጋር አያይዤ ዴቨሎፐሩ ውስጥ ነከርኩት፣ አለቅልቄ ወደ ፊክሰሩ አዛወርኩት። የፊክሰሩ ሽታ ጸጉር ውስጥ ገብቶ ቤት ድረስ ይከተላል። ፊልሙ ሲጠራ በቀኝ ትከሻ አጥንታቸው ሥር ጫፉ የተቆለመመ ጥይት ተቀምጧል። ውኃው ሳይንጠፈጠፍ ይዤው ወጣሁ።

«አባባ፣ እዚህ ትከሻዎ ሥር ብረት አለ።»

«አለ እንጂ ልጄ! ካራማራ ላይ የገባ ነው።»

«ያምዎታል?»

«ክረምት ሲገባ ያስታውሰኛል። እስቲ አሳዪኝ።»

መብራቱ ላይ ሰቀልኩላቸው። ራሳቸውን አዘንብለው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ «ዝጎ ይሆን?» አሉኝ። አይዝግም አልኳቸው፤ ገላ በጠባሳ ሸፍኖ ይይዘዋል፣ ከቦታውም አይነቃነቅም። ሳላቸው ከጥይቱ ጋር ግንኙነት አልነበረውም፤ ሐኪሙ ላይኛው ሳንባ ላይ ሌላ ነገር አይቶ ለነቀርሳ ምርመራ ላካቸው። እሳቸውን ግን ሳንባው ብዙም አላሳሰባቸውም። ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ ይዘውት የኖሩትን ነገር በዓይናቸው ሲያዩ ያ የመጀመሪያቸው ነበር።

ጦርነት ለዚህ ሙያ ትምህርት ቤት ሆኖለታል፤ ይህን ስል ደስ ብሎኝ አይደለም። ከናፖሊ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1898 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች በሱዳን ሲዋጉ ሻለቃ ጆን ባተርስቢ ራጁን አባይ ዳር በረሃ ውስጥ አቆመው፤ ኤሌክትሪኩን ያመነጭ የነበረው ወታደሮች የሚረግጡት የሁለት ሰው ብስክሌት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሜሪ ኩሪ በመኪና ላይ የተጫኑ የራጅ ክፍሎችን ወደ ፈረንሳይ ግንባር ወሰደች፤ ራሷም መንዳት ተማረች፣ ወደ 150 የሚጠጉ ሴቶችንም ለሥራው አሠለጠነች። የሴት የራጅ ባለሙያዎች ታሪክ በሰፊው የሚጀምረው እዚያ ነው፤ እኔም ራሴን ከእነሱ ወገን አድርጌ እቆጥራለሁ።

አሁን ልናገር የምፈልገው ስለ እጅ ነው። የጥንቶቹ ቱቦዎች ጠባይ እንደሚለዋወጥ ከላይ አንስቻለሁ። በየጠዋቱ ቱቦው ለሥራ መድረሱን ማረጋገጥ ያስፈልግ ነበር፤ መለኪያ ደግሞ የለም። ስለዚህ ባለሙያው የራሱን እጅ በቱቦውና በሚያበራው ሰሌዳ መካከል ያስገባና የጣቶቹን አጥንት ያያል። አጥንቱ ጥርት ካለ ጨረሩ ተስማምቷል። ይህን በቀን ብዙ ጊዜ፣ በየቀኑ፣ ለዓመታት ያደርጋል። መጀመሪያ ቆዳው ይቀላል፣ ጸጉሩ ይረግፋል፣ ጥፍሩ ይሰነጠቃል። ቀጥሎ የማይድን ቁስል ይወጣል። ቁስሉ ካንሰር ይሆናል። ጣት ይቆረጣል፣ ከዚያ እጅ፣ ከዚያ ክንድ።

የኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ ሁለቱንም እጆቹን አጥቶ በ1904 እ.ኤ.አ. በ39 ዓመቱ ሞተ፤ ኤዲሰን በረዳቱ ላይ የደረሰውን አይቶ የራጅ ሥራውን ተወ። በሳን ፍራንሲስኮ የራሷን የራጅ ክፍል የከፈተችው ኤሊዛቤት ፍላይሽማን ከፊሊፒንስ ጦርነት የተመለሱ ወታደሮችን ጥይት ስትፈልግ ኖራ፣ ክንዷ ተቆርጦ በ1905 አረፈች። በፊላደልፊያ ይሠራ የነበረው አርመናዊው ሚህራን ካሳቢያን ደግሞ ሌላ ማንም ያላደረገውን አደረገ። የገዛ እጆቹን፣ ከቀን ወደ ቀን ሲበላሹ፣ እያከታተለ ፎቶ አነሳ፤ ከእሱ በኋላ የሚመጡ ባለሙያዎች ምልክቱን አስቀድመው እንዲያውቁ ብሎ። በ1910 ሞተ። ከዚህ ሙያ ሰዎች ሁሉ እጅግ የማከብረው እሱን ነው። በሐምቡርግ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ በ1936 እ.ኤ.አ. ለራጅና ለራዲየም ሰማዕታት የድንጋይ ሐውልት ቆመ። መጀመሪያ ከ150 በላይ ስሞች ነበሩበት፤ በ1959 ከ350 በላይ ደረሱ።

ሙያውን ያስተማሩኝ አንጋፋ ባለሙያ የቀኝ እጃቸው ሁለት ጥፍሮች ጠቁረው፣ በርዝመታቸው ተሰንጥቀው ነበር። በሥራ ዘመናቸው የሚወራጭ ሕፃን ሲመጣ፣ እናቲቱ ስትደነግጥ፣ የእርሳስ ሽርጡን ለእናቲቱ ሰጥተው ሕፃኑን በባዶ እጃቸው ይይዙት እንደነበር ነገሩን። በልጅነታችን ደግነታቸውን ብቻ ነበር የሰማነው። እሳቸው ግን ጥፍራቸውን እያሳዩን «እንዲህ አታድርጉ» አሉን። ዛሬ ደረታችን ላይ የምንሰካው ዶዚሜትር፣ ከግድግዳው ጀርባ ቆመን የምንጫነው ቁልፍ፣ የእርሳስ ጓንቱ፣ ሁሉም የአንድ ሰው እጅ ከተቆረጠ በኋላ የመጣ ነው። የዓለም የራዲዮሎጂ ሐኪሞች ስቶክሆልም ላይ ተሰብስበው የመጀመሪያውን የጨረራ መከላከያ ኮሚቴ ያቋቋሙት በ1928 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከሮንትገን 33 ዓመት በኋላ። ረጅም ጊዜ ፈጀባቸው።

የታካሚው ነገር ደግሞ ከዚያም ዘገየ። ነፍሰ ጡርን ራጅ ማንሳት ለብዙ ዓመታት የተለመደ ነበር፤ የሽሉን አቀማመጥ ለማየት። የኦክስፎርዷ ሐኪም አሊስ ስቱዋርት በልጅነታቸው በካንሰር የሞቱ ሕፃናትን እናቶች አስጠየቀች፤ በእርግዝናቸው ምን እንዳጋጠማቸው። በ1956 እና በ1958 ባወጣችው ጽሑፍ፣ በማኅፀን ሳሉ ራጅ የተነሱ ሕፃናት በካንሰር የመያዝ ዕድላቸው እጥፍ ሊሆን እንደሚቃረብ አሳየች። ሙያው ለዓመታት አልተቀበላትም። ዛሬ «እርጉዝ ነሽ? የወር አበባሽ መቼ መጣ?» ብለን ስንጠይቅ ተቆጥተው የሚመለሱ ሴቶች አሉ፤ ያላገቡት በተለይ። እኔ ጥያቄውን ትቼው አላውቅም። በምክንያት የተነሳ አንድ የደረት ራጅ ግን የሚያስፈራ አይደለም፤ የሚሰጠው ጨረራ ከአፈሩና ከሰማዩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከምናገኘው ብዙም አይለይም። ሲቲ ስካን ከዚያ በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል፤ ለራስ ምታት ሁሉ ሲቲ የሚታዘዝበትን አዲሱን ልማድ የምቃወመው ለዚህ ነው።

አገራችን የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው ኤጀንሲው በተመሠረተበት በ1957 እ.ኤ.አ. ነው። የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን ግን በአዋጅ የተቋቋመው በ1986 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባለው ጊዜ የራጅ ባለሙያው መከታ የራሱ ጥንቃቄና ያስተማረው ሰው ምክር ነበር። ለካንሰር የጨረራ ሕክምናም ቢሆን፣ ለሃያ ዓመት ያህል በመላ አገሪቱ የነበረው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነው፤ በኮባልት 60 የሚሠራ መሣሪያ። ኮባልት 60 በ5 ዓመት ከ3 ወር ገደማ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ምንጩ ሲያረጅ ያንኑ መጠን ለመስጠት ታካሚዋ አልጋው ላይ የምትቆይበት ጊዜ እጥፍ ይሆናል፤ ጊዜው ሲረዝም በቀን የሚታከመው ሰው ያንሳል፤ ወረፋው ይረዝማል። ወረፋው እስኪደርሳቸው ሕመሙ የቀደማቸውን ሴቶች ራጅ እኔ አንስቻለሁ። የኮባልቱን ዕድሜ ከማንኛውም ፊዚክስ መጽሐፍ በተሻለ የተረዳሁት ከእነሱ ነው። አሁን በቅርብ ዓመታት ሊኒየር አክስለሬተር የተባሉት መሣሪያዎች መግባት ጀምረዋል፤ በክልል ከተሞችም ጭምር።

ያው ኮባልት 60 ቃሊቲ ላይ ሌላ ሥራ አለው። በደቡብ ስምጥ ሸለቆ ቆላዎች ገንዲ በሬ ይጨርሳል፤ አስተላላፊው ቆላ ዝንብ ነው። ቃሊቲ በ1999 ዓ.ም. በተመረቀው ማዕከል ዝንቡ ይረባል፣ ወንዱ በጨረራ ይመክናል፣ ከዚያ ይለቀቃል። ሴቷ ብዙውን ጊዜ በዕድሜዋ አንዴ ብቻ ነው የምትጠቃው፤ የመከነ ወንድ ካገኛት መውለዷ ቀረ። ዛንዚባር ላይ ዘዴው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሠርቶ ዝንቡን አጥፍቷል። የእኛ ሸለቆ እንደ ደሴት የተከለለ ባለመሆኑ ሥራው እጅግ ከባድ ነው፤ ለገበሬው በሬ ሲባል ግን የሚገባውን ያህል ድጋፍ ማግኘት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ከቅርቡ ምርምር ሁሉ እኔን ሌሊት ሳይቀር የሚያስነብበኝ የአፋር አጥንቶች ራጅ ነው። ዲኪካ ላይ በ1993 ዓ.ም. መግቢያ በዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን የተገኘችው ሰላም፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ሕፃን፣ በጠነከረ አሸዋ ድንጋይ ውስጥ ተጣብቃ ነበር። ዘረሰናይ ድንጋዩን በጥርስ ሐኪም መሣሪያ እያነሳ ለዓመታት ሠራ። በመሣሪያ የማይደረስበትን ግሬኖብል በሚገኘው ሲንክሮትሮን አዩት፤ ከሆስፒታል ራጅ ጋር በማይወዳደር ብርቱ ጨረር። በጥርሶቿ ውስጥ በየቀኑ የተጻፉ የዕድገት መስመሮች አሉ። ተቆጠሩ፤ ስትሞት 861 ቀኗ ነበር፣ ማለትም 2 ዓመት ከ4 ወር ገደማ። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ሌላው ጥናት ደግሞ ጎድን የሚገጥምባቸው የጀርባ አከርካሪዎቿ 12 መሆናቸውን አሳየ፤ እንደ እኛ። ደረት ራጅ ባነሳሁ ቁጥር ጎድኖቹን መቁጠር ልማዴ ነው፤ ይህን ያነበብኩ ቀን በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ድንቅነሽ በ2008 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ለዕይታ በሄደችበት ጊዜ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ለ10 ቀን በሲቲ ተነሳች፤ ከ35,000 በላይ ምስል ወጣ። ጆን ካፐልማንና ባልደረቦቹ በ2016 ኔቸር መጽሔት ላይ ውጤቱን አወጡ፦ ከረጅም ዛፍ ወድቃ ነው የሞተችው አሉ። ዋናው ማስረጃቸው የቀኝ ክንዷ ላይኛው አጥንት ትከሻው ጋ የተሰባበረበት መልክ ነው፤ ሰው ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ መሬት ሲመታ የሚያገኘው ዓይነት። ያገኛት ዶናልድ ጆሃንሰንም ሆነ ተመራማሪው ቲም ዋይት አልተቀበሉትም፤ እንዲህ ያለ ስንጥቅ እዚያው አካባቢ በተገኙ የእንስሳት አጥንቶችም ላይ አለ፣ ድንጋይ ተጭኖት የመጣ ነው አሉ።

የክንዱና የትከሻው ምስል ለሕዝብ ስለተለቀቀ እኔም ከተለማማጆቼ ጋር በኮምፒውተር አዙረን አዙረን አይተነዋል። ክርክር ተነሳ። አንዱ «ጋደም ብላ ሞታ ከባድ ነገር ቢጫናትስ?» አለ። ሌላዋ ጣቷን የክንዱ ራስ ላይ አድርጋ ጥቃቅን ስባሪዎቹን አሳየችን፤ ተበታትነው አልጠፉም፣ እርስ በርስ ተጠቃቅሰው ባሉበት ቀርተዋል። ከፈረስ፣ ከግንብ፣ ከማንጎ ዛፍ ወድቆ የመጣ ሰው ትከሻ በሥራ ዘመኔ ብዙ አንስቻለሁ፤ የክንዱ ራስ ወደ ውስጥ ተገፍቶ፣ አንዱ ስባሪ በሌላው ላይ ተሰክቶ። የጆሃንሰንና የዋይት ሙግት ቀላል አይደለም፤ አንድ ዓይነት ስንጥቅ ጉማሬ ላይም ካለ ጉማሬ ዛፍ አልወጣም። ቢሆንም ያንን ትከሻ ስሙ ሳይነገረኝ መብራት ላይ ብትሰቅሉልኝ፣ ወረቀቱ ላይ «መውደቅ» ብዬ ነው የምጽፈው።